የሰርግ ድግስ ወጪ፦ የምግቡና የመጠጡ ሒሳብ የት ላይ ነው የሚያመልጠው?

የሰርግ ወሬ ሲነሳ የድግስ ወጪ አብሮ ይነሳል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ቀን ምግብና መጠጥ እንዴት ይወጣል? ጥያቄው በቅርብ ዓመታት የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በየወሩ የሚያወጣው የምግብ ዋጋ መለኪያ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ላይ ደርሶ ነበር። መለኪያው በኋላ ቢወርድም የድግስ ዋጋ አብሮት አልወረደም። ድግስ ውስጥ እህልና ዘይት ብቻ አይደለም ያለው። የአብሳይ ደሞዝ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ የዕቃና የአዳራሽ ኪራይ አለ። እነዚህ አንዴ ከወጡ በቀላሉ አይወርዱም።

ለሙሽሮች የሚሰጠው ምክር ደግሞ የተምታታ ነው። አንዱ “እንግዳ ቀንሱ” ይላል። ሌላው “ቡፌ አድርጉት፣ ይረክሳል” ይላል። ሦስተኛው “መጠጡን ራሳችሁ ግዙ” ይላል። ሦስቱም አንዳንድ ጊዜ ያዋጣሉ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ወጪ ይጨምራሉ። የትኛው መቼ እንደሚያዋጣ ለማወቅ የድግስ ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

የሚባዛውና የማይባዛው ወጪ

የድግስ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው 100 ሰው መጣ 300 ብዙም የማይለወጥ ነው። የአብሳዩ ቡድን መምጫ፣ የምድጃና የድስት ማጓጓዣ፣ የድምፅ መሣሪያ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው በሰው ቁጥር የሚባዛ ነው። ምግብ፣ መጠጥ፣ ሳህን፣ ወንበር፣ አስተናጋጅ።

ብዙ ቤተሰብ ቁጠባ የሚጀምረው ከማይባዛው ነው። የአበባው ዓይነት ይቀየራል፣ የጥሪ ካርዱ ወረቀት ይሳሳል። ይሄ ቢጠቅምም የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከምግቡ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚቀርበውን አንድ ነገር ማስቀረት ግን በ200 ተባዝቶ ነው የሚመለሰው።

“እንግዳ ቀንሱ” የሚለው ምክር ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ገደብም አለው። ብዙ አዳራሾችና ምግብ አቅራቢዎች ዝቅተኛ የእንግዳ ብዛት በውል ያስቀምጣሉ። ያ ቁጥር 150 ከሆነ 120 ሰው ቢመጣም የሚከፈለው የ150 ነው። ስለዚህ ከዚህ ወለል፣ ማለትም በውል ከተቀመጠው ዝቅተኛ ቁጥር በታች መቀነስ ሰው ማስቀየም ብቻ ነው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ቁጥሩ ላይ ቤተሰብ ከመጨቃጨቁ በፊት ወለሉ ስንት እንደሆነ ይጠየቅ።

መጠባበቂያው ሲደራረብ

በእኔ ግምት ትልቁ ገንዘብ የሚባክነው ማንም ልብ በማይለው ቦታ ነው። “እንዳያልቅብን” ብለን በምንጨምረው ላይ።

አንድ ምሳሌ እናስላ። 200 ሰው ተጠርቷል። ሙሽሮቹ “ያልታሰበ ሰው ይመጣል” ብለው 10 በመቶ ጨምረው ለአስተባባሪው 220 ይላሉ። አስተባባሪው እንደተጨመረበት አያውቅምና ለምግብ አቅራቢው 242 ይላል። አቅራቢውም ስሙ እንዳይነሳ 10 በመቶ ጨምሮ ያበስላል። ድስቱ ውስጥ አሁን የ266 ሰው ምግብ አለ። በዕለቱ ከተጠሩት 85 በመቶው ቢመጣ የሚበላው 170 ሰው ነው። 96 ሰው ሊመግብ የሚችል ምግብ ተረፈ ማለት ነው። ከበሰለው ከሦስት አንድ እጅ በላይ ነው።

እዚህ ውስጥ ማንም አላጠፋም። ሦስቱም በጥንቃቄ ነው የሠሩት። ችግሩ አንዱ የሌላውን ጥንቃቄ አለማወቁ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለመረዳት በኢኮኖሚክስ “የጋዜጣ ሻጩ ችግር” የሚባለው ስሌት ይረዳል። ጋዜጣ ሻጭ ጠዋት ስንት ቅጂ እንደሚወስድ መወሰን አለበት። ካነሰበት ገዢ ያመልጠዋል። ከበዛበት ነገ ማንም የማይገዛውን ወረቀት ታቅፎ ይቀራል። ትክክለኛው መጠን የሚወሰነው የማነሱ ጉዳት ከመብዛቱ ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ነው። በሰርግ ላይ ምግብ ማነሱ በሰው ፊት ነው፣ ዘመን ይወራል። መብዛቱን ግን ጓዳ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚያየው። ይሉኝታ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። ቤተሰብ አብዝቶ ማዘዙ ሞኝነት አይደለም፤ የሚፈራው ነገር እውነተኛ ነው።

ስለዚህ መጠባበቂያ መያዙ ልክ ነው። ማን ይያዘው፣ በምን ይያዝ የሚለው ነው መታሰብ ያለበት። የመጀመሪያው መፍትሔ መጠባበቂያውን አንድ ሰው ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሙሽሮቹ ትክክለኛውን ቁጥር ይናገራሉ። አቅራቢው በስንት በመቶ አብልጦ እንደሚያበስል ይጠየቃል፣ መልሱም ውሉ ላይ ይጻፋል። በመሃል ያለ ማንም አይጨምርም።

ሁለተኛው መጠባበቂያውን በርካሹ ወይም ገና ባልበሰለው ላይ ማድረግ ነው። ውዱ የስጋ ወይም የዓሣ ምግብ በልኩ ይዘጋጅ። ሩዙ፣ ዳቦው፣ አትክልቱ ተረፍ ይበል። ያልበሰለ መጠባበቂያ መያዝም ይቻላል። ሁለት ድስት የሚሆን ጥሬ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና ሰው ከታሰበው በላይ መምጣቱ ሲታይ ብቻ ይሠራል። ካልተነካ በማግሥቱ ቤተሰብ ይጠቀምበታል። እርግጥ ይህ የሚሆነው ኩሽናው ቅርብ ከሆነና ምግቡ ቶሎ የሚደርስ ከሆነ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ቁጥሩ ራሱ መጥራት አለበት። የጥሪ ካርዱ ላይ ስንት ሰው እንደተጠራ ካልተጻፈ አንዱ ብቻውን ይመጣል፣ ሌላው አምስት ሆኖ ይመጣል። ካርዱ ላይ ቁጥር መጻፍ አሳፋሪ መስሎ ከታየ ስልክ መደወል ነው። ሰርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለየቤቱ ደውሎ ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ ብሎ መጠየቅ አድካሚ ነው። ነገር ግን ከዚያ የሚገኘው ቁጥር ከማንኛውም ግምት የተሻለ ነው።

ቡፌ በእርግጥ ይረክሳል?

ቡፌ ይረክሳል የሚባለው አስተናጋጅ ስለሚቀንስ ነው። ያ እውነት ነው። ምግብ ግን ይጨምራል። በቡፌ ላይ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ የመጀመሪያው ያየውን ሁሉ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ትሪዎቹ እስከ መጨረሻው ሙሉ መሆን አለባቸው። አምስት ዓይነት ወጥ ከተደረደረ ደግሞ ሰው ከአምስቱም ቀመስ ለማድረግ ያነሳል፣ የሚያነሳውን ሁሉ ግን አይጨርስም።

በሳህን ተሰናድቶ የሚቀርብ ምግብ በተቃራኒው ነው። መጠኑ የታወቀ ነው። አስተናጋጅ ግን ብዙ ይፈልጋል። የሰው ጉልበት ውድ በሆነበት አገር ቡፌ ሊያዋጣ ይችላል። ጥሬ ዕቃ ውድ ሆኖ ጉልበት ሲረክስ ደግሞ በሳህን ማቅረቡ ሊያሸንፍ ይችላል። አቅራቢውን ለሁለቱም ዋጋ አውጣልን ማለት ነው።

በመካከል ያለ መንገድም አለ። ቡፌው ይኑር፣ ውዱን ምግብ ግን አስተናጋጅ ቆሞ ያንሳ። አንድ ሰው ብቻ መቅጠር ነው የሚጠይቀው። እንግዳውም ጨምሩልኝ ካለ ይጨመርለታል፤ ማንም አልተከለከለም። የምግቡን ዓይነት መቀነስም እንዲሁ ነው። አምስት ተራ ምግብ ከማቅረብ ሦስት በደንብ የተሠራ ማቅረቡ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም።

የሳህን ስፋትም ለውጥ ያመጣል። በኖርዌይ ሆቴሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሳህኑን አነስ ማድረግ ብቻ የሚጣለውን ምግብ 20 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ደግማችሁ ደጋግማችሁ ማንሳት ትችላላችሁ የሚል ጽሑፍ ማስቀመጡም ተቀራራቢ ውጤት አምጥቷል። እንግዶቹም ቅር አላላቸውም። ይህ ለሰርግም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው በመጀመሪያው ዙር ሳህኑን የሚቆልለው ተመልሶ የሚያገኝ ስለማይመስለው ነው።

መጠጥ፦ ሰዓቱ ነው የሚቆጥረው

ምግብ በሰው ይባዛል። መጠጥ ግን በሰውም በሰዓትም ይባዛል።

የመስተንግዶ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ግምት አለ። አልኮል የሚጠጣ አንድ እንግዳ በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ ይጠጣል ተብሎ ይታሰባል። ከ200 እንግዳ 120ው አልኮል ይጠጣሉ እንበል፣ ግብዣው አራት ሰዓት ይቆይ። አንድ ሰው አምስት ብርጭቆ፣ በጠቅላላው 600 ብርጭቆ ይሆናል። ግማሹ ወይን ቢሆን 300 ብርጭቆ ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ስለዚህ 60 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ግብዣው በአንድ ሰዓት ከረዘመ 120 ብርጭቆ ይጨመራል።

አሁን ደግሞ አዳራሹን እንየው። 20 ጠረጴዛ አለ። እንግዳ ከመቀመጡ በፊት በየጠረጴዛው አንድ ቀይና አንድ ነጭ ወይን ተከፍቶ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ግማሽ ቢቀር 20 ሙሉ ጠርሙስ ወይን ፈሰሰ ማለት ነው። ከ60ው አንድ ሦስተኛው። አስተናጋጁ ጠርሙሱን ይዞ እየዞረ ቢቀዳ ይህ ሁሉ አይሆንም። ውሃም እንደዚሁ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ፕላስቲክ በየሰው ፊት ሲቀመጥ አብዛኛው ተጎንጭቶ ይተወዋል፣ ቦታ ሲቀይር ሌላ ይከፍታል። ጠረጴዛ ላይ ማንቆርቆሪያና ብርጭቆ ማድረግ ርካሽም ንጹሕም ነው።

የመጠጥ አከፋፈሉ ዓይነትም መታወቅ አለበት። “ክፍት ባር” የሚባለው እንግዳው የፈለገውን ያህል የሚጠጣበት ነው። ይህ በሰው ተቆርጦ ሊከፈል ይችላል፣ ወይም በተጠጣው ልክ። በሰው የተቆረጠው ወጪውን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ አልኮል የማይነካ እንግዳ ከበዛ ግን ላልተጠጣ መጠጥ መክፈል ይሆናል። በተጠጣው ልክ መክፈል ደግሞ ለማይጠጣ ቤተሰብ ያዋጣል፣ ለሚጠጣ ግን መጨረሻው አይታወቅም። ያን የፈራ ሰው ጣሪያ ያስቀምጣል። ሒሳቡ እዚህ ሲደርስ ንገሩን ይላል።

“ራሳችሁ ግዙ” የሚለው ምክር የሚፈተነው “ኮርኬጅ” ላይ ነው። ኮርኬጅ ማለት አዳራሹ ከውጭ ለገባ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። ክፍያው በጠርሙስ እኩል ስለሆነ ርካሽ መጠጥ ላይ ከባድ ነው፣ ውድ መጠጥ ላይ ይቀላል። በርካሽ የተገዛ ወይን ኮርኬጅ ሲጨመርበት አዳራሹ ከሚሸጠው ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። በረዶ፣ ብርጭቆና ማቀዝቀዣም ከገዢው ይጠበቃል።

መጠጡን ራሳችን መግዛታችን በእርግጥ የሚያዋጣው ሻጩ ያልተከፈተውን መልሶ ለመውሰድ ከተስማማ ነው። ያኔ የመብዛቱ አደጋ ከደጋሹ ወደ ሻጩ ይሄዳል። መጠባበቂያ ያለ ኪሳራ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ይህን ሊያበላሽ ይችላል። ሁሉም ጠርሙስ ከጠዋቱ በረዶ ውስጥ ከተነከረ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይላላና ይላጣል። ሻጩ ያንን ላይቀበል ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው የሚጠጣው ያህል ብቻ ይቀዝቅዝ፣ የቀረው ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።

እንግዳው ለመጠጡ ራሱ ይክፈል የሚለው ሐሳብ እንደየአገሩ ይለያል። በአንዳንድ ቦታ የተለመደ ነው፣ በሌላው ስድብ ነው። እኔ የማዘነብለው ወደ ሌላ መፍትሔ ነው። የመጠጡን ዓይነት ወደ ሁለትና ሦስት ዝቅ ማድረግ፣ የአልኮሉን መስተንግዶ ግብዣው ከማለቁ አንድ ሰዓት ቀድሞ ማቆም፣ ውሃና ለስላሳ እስከ መጨረሻው እንዲኖር ማድረግ። ለኪስ ብቻ ሳይሆን መኪና ይዞ ለሚመለሰው እንግዳም ይበጃል።

ግብዣው መቼ ይሁን

ከምግብ ሰዓት ውጭ የሚደረግ ግብዣ ቀለል ባለ መስተንግዶ ይታለፋል። ጥሪው ላይ ግን በግልጽ መጻፍ አለበት። ምሳ ጠብቆ ሆዱን ባዶ አድርጎ የመጣ ሰው ኬክና ሻይ ሲያገኝ ማዘኑ አይቀርም።

በሥራ ቀን ወይም ሰርግ በማይበዛበት ወቅት መደገስም አዳራሹንም ምግቡንም ያረክሳል። ይህ ቁጠባ ግን ከፊሉ ወደ እንግዳው የሚሸጋገር ነው። ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ከሩቅ የሚመጣው ሌላ ቀን ያጣል። ቤተሰቡ በአንድ ከተማ ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው። ተበታትኖ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ እንግዳ የሚጠብቅበት ሰዓትም ወጪ አለው። የተራበ እንግዳ በቁርሳቁርስና በመጠጥ ነው የሚጠብቀው። ፎቶው ግማሽ ሰዓት ቢያጥር የሚቀርበው ነገር አብሮ ያጥራል።

ከዋጋው በታች የተጻፈው

ሁለት አቅራቢዎችን በአንድ ሰው ዋጋ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። አንዱ የአገልግሎት ክፍያና ታክስ ጨምሮ ይናገራል፣ ሌላው ሳይጨምር። ለምሳሌ የአገልግሎቱ 10 በመቶ፣ ታክሱ 15 በመቶ ቢሆንና ታክሱ በድምሩ ላይ ቢሰላ፣ 100 የተባለው 126.5 ይሆናል። ሰው በቁጥሩ 25 ይጨምራል ብሎ ያስባል፤ አንዱ በሌላው ላይ መሰላቱ ነው ያሳደገው። ኬክ የመቁረጫ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የተሰበረ ብርጭቆ ክፍያም ሊኖር ይችላል። የመጨረሻውን ቁጥር የምናሳውቅበት ቀንም ውሉ ላይ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ የቀረ እንግዳ ይከፈልበታል።

መቀነሱ ራሱ ልክ ነው ወይ?

እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው ወገን ድግስ የአንድ ቀን ታይታ ነው፣ ገንዘቡ ለቤት መሥሪያ ይሁን ይላል። ሁለተኛው ድግስ ብድር መመለሻ ነው ይላል። ቤተሰቡ ለዓመታት በሰው ሰርግ በልቷል፣ አሁን ተራው ነው። የተጠራው ሰውም ነገ በችግር ቀን የሚደርስ ነው።

አንድሩ ፍራንሲስና ሁጎ ሚያሎን የተባሉ የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች በአሜሪካ ትዳር ይዘው የሚያውቁ ከ3000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ለሰርግ ብዙ ያወጡ ሰዎች ትዳራቸው ፈጥኖ የመፍረስ ዝንባሌ አሳይቷል። ብዙ ሰው የተገኘባቸው ሰርጎች ግን ከረዘመ ትዳር ጋር አብረው ታይተዋል። ጥናቱ አንዱ ሌላውን አመጣ አይልም፣ አብረው መታየታቸውን ብቻ ነው የሚናገረው። ያም ሆኖ ወጪና የሰው ብዛት አንድ ነገር እንዳልሆኑ ያስታውሳል። ሰውን ሳይቀንሱ ወጪን መቀነስ ይቻላል፤ ለሁለቱም ወገን የሚሆነው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ጉዳዩን በሕግ የያዙ አገሮችም አሉ። ታጂኪስታን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ የሰርግ እንግዳ ከ150 እንዳይበልጥ ወስናለች። ዓላማው ቤተሰብን ከዕዳ ማዳን ነው። ጥቅሙ ማንም ብቻውን ቆጣቢ ሆኖ እንዳይታማ ማድረጉ ነው። ግን መንግሥት በሰው ማዕድ መግባቱ ራሱ ያከራክራል። ለ150 ሰው እጅግ ውድ ነገር ማቅረብንም የቁጥር ገደብ ብቻውን አያስቆምም።

ቤት ማብሰልና የተረፈው ምግብ

ብዙ ቤተሰብ ወጪ ሲከብደው ቤት እናብስል ይላል። በገንዘብ ሲታይ ይቀንሳል። ነገር ግን ጉልበቱ ነጻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሴት ዘመዶች ቀንና ሌሊት ነው። እነሱ ተስማምተው፣ ተራ ይዘው ከሆነ መልካም ነው። ሳይጠየቁ የሚጫንባቸው ከሆነ ግን ወጪው አልቀነሰም፣ ወደ እነሱ ዞረ እንጂ።

የጤናውም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሙቅ፣ የሚቀመጠው ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ። ትልቅ ድስት ደግሞ መሃሉ ቶሎ አይበርድም። ማታ የተሠራ ወጥ በትልቁ ድስት እንዳለ ማቀዝቀዣ ቢገባ መሃሉ ለረጅም ሰዓት ለብ ብሎ ያድራል፣ ተህዋስያን የሚባዙትም ያኔ ነው። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የሚያከፋፍልበት ዕቃና ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ የዋናውን ምግብ ሥራ ለባለሙያ ሰጥቶ ዳቦውን፣ ጣፋጩንና መጠጡን ራሱ ቢይዝ ይሻለዋል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደተጣለ ገምቷል። ከዚህ 28 በመቶው ከምግብ ቤቶችና ከመሰል መስተንግዶዎች የወጣ ነው። ከሰርጉ የተረፈው ምግብ እንዳይጣል ከታሰበ ሰርጉ ሲያልቅ መሯሯጥ አይጠቅምም። ያኔ ምግቡ ለሰዓታት ትሪ ላይ ቆይቷል፣ ለሰው መስጠቱ ራሱ አደጋ ነው። መስጠት የሚቻለው ትሪ ላይ ያልወጣው፣ ድስት ውስጥ በሙቀቱ የቆየው ነው። ስለዚህ አብሳዩ ሁሉንም በአንዴ እንዳያወጣ መንገር፣ መያዣ ዕቃ ቀድሞ ማዘጋጀት፣ ምግቡን የሚወስድ ሰው ስሙ ተይዞ ሰዓቱ እንዲታወቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አንዳንድ አቅራቢዎች ሰው ቢታመምባቸው ተጠያቂ እንዳይሆኑ ሰግተው የተረፈ ምግብ እንዲወጣ አይፈቅዱም። ፈቃዱ መጠየቅ ያለበት ውሉ ሲፈረም ነው።